"ወንፊት" ይሉኝ ነበር፤ የብጉር ጠባሳ በሌዘር፣ በሁለት ክሊኒክ፣ አራት ጊዜ

አዲስ አበባ ውስጥ የራይድ ሹፌር ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ብጉር ፊቴን ወረረው፤ እኔም በጥፍሬ እያፈረጥኩ አገዝኩት። ብጉሩ ሲቀንስ ጉድጓዱ ቀረ። ሰፈር ውስጥ "ወንፊት" ይሉኝ ነበር። እስከዛሬ በዚህ ስም የሚጠራኝ ጓደኛ አለኝ፤ ሰርጉ ላይ ሚዜው ሆኜ በማይክራፎን ጠርቶኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ቲክቶክ ላይ አይቼው። 40 በመቶ ቅናሽ ይላል። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት። ገባሁ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ ተኛሁ። ምን እንደምቀባ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ የጠየቀኝ የለም። ጉንጬ ላይ ገና ያልከሰመ ብጉር ነበር፣ እሱንም አልማሩትም። ስወጣ አንድ ቅባት ሰጡኝና "ፀሐይ ትንሽ ይጠንቀቁ" አሉኝ። በሳምንቱ ቅርፊቱ ሲረግፍ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ጠቁሯል። ተራ ጥቁረት ቢሆን ደግ፤ የማሽኑ አፍ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘን እየሠራ ይታያል፣ ማኅተም የተመታብኝ ነው የምመስለው። ግራ ጉንጬ ደግሞ ከቀኙ ይብሳል። ደውዬ ስነግራቸው "የተለመደ ነው፣ ለሁለተኛው ዙር ይምጡ" አሉ። የመጀመሪያውን ማን ይጨርስልኝ?

አንድ ቀን ወደ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ያደረስኳት ተሳፋሪ በመስታወት ስታየኝ ቆየችና "ሌዘር ነው አይደል?" አለች። ነርስ ናት። ስትወርድ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ማሽን አትፈልግ፤ መጀመሪያ የቆዳ ስፔሻሊስት ፈልግ።" ሁለተኛውን ክሊኒክ ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

እዚህ ያሉት ሐኪም ትልቅ ሴትዮ ናቸው። የምርመራ 800 ብር ከፍዬ ገባሁ። መብራቱን አጠፉና አንዲት ትንሽ ባትሪ በጎን በኩል አበሩብኝ፤ ከዚያ ጉንጬን በሁለት ጣት ወጠር፣ ለቀቅ፣ ወጠር ያደርጉታል። ሲወጠር የሚጠፋው ጠባሳ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሥር ቆዳውን የሚጎትተው ጅማት የመሰለ ነገር አለ። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ሌላ ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ጠባብና ጥልቅ ደግሞ ሦስተኛ ነው። እኔ ሦስቱም አለኝ። "ሰፋፊውን ሌዘሩ ያሻሽልልሃል፤ ጠባቦቹ ጋ ግን አይደርስም፣ አላታልልህም" አሉኝ። ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው የማይችለውን ሲነግረኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥለው ያላሰብኩትን ጠየቁኝ። "ምች ይመታሃል?" ከንፈሬ ላይ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይወጣብኛል፤ ዳማከሴ አሽቼ ነው የማሳልፈው። ለካ ሌዘሩ የምቹን ቫይረስ ቀስቅሶ ፊት ሙሉ ሊያሰራጨው ይችላል፤ አሲክሎቪር አዘዙልኝ፣ ከሌዘሩ ቀን በፊት የሚጀመር። ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳም አዩት፣ የሚያብጥ ቆዳ እንዳይሆን። ፊት የሚያቀላ ክሬም ተቀብቼ እንደማውቅ ጠየቁ። ከዚያ ደግሞ ሌዘሩን ጭራሽ ከለከሉኝ! "ጣሪያህ እያፈሰሰ ግድግዳ ትቀባለህ?" አሉና ብጉሩ እስኪቆም ማታ ማታ የሚቀባ አዳፓሊን፣ ለጥቁረቱም ሌላ ክሬም ሰጥተው አሰናበቱኝ። ጥቁረቱ እስኪለቅ ስድስት ወር ፈጀ።

የግራ ጉንጬን ነገር የፈቱልኝም እሳቸው ናቸው። ሹፌር መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ። የፊት መስታወት ድርብርብ ስለሆነ ያንን የሚያጠቁረውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ የጎኑ መስታወት ግን ብዙውን ያሳልፋል። የኛ አገር መሪ ደግሞ በግራ ነው። እኔ ለካ "ፀሐይ ላይ አልወጣሁም" እያልኩ ቀኑን ሙሉ ግራ ፊቴን ስጠብስ ነው የከረምኩት። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑ ይጨመርበት፤ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል።

ግንቦት ላይ ከጆሮዬ ፊት ለፊት 25 ሳንቲም የምታህል ቦታ ብቻ ሞክረው አንድ ወር ጠበቁ። አልጠቆረም። ከዚያ ሰኔ መጨረሻ፣ ነሐሴ መጀመሪያ፣ መስከረም አጋማሽ፤ ሦስት ዙር። ሆን ብለው ክረምቱን መርጠው ነው፣ ደመናው ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም።

ማሽኑ ፍራክሽናል ሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር) የሚባለው ነው፤ ሞገዱ 10,600 ናኖሜትር፣ የቆዳን ውኃ አሙቆ የሚያተን። ፊቱን በሙሉ አይልጠውም፤ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳዋል። የእንጀራ ዓይን አስቡ። በዓይኖቹ መካከል ያልተነካ ቆዳ ይቀራል፣ ቁስሉ ቶሎ የሚድነው ከዚያ ተነስቶ ነው። እንደኛ ላለ ጥቁር ቆዳ ቀዳዳዎቹን አራርቆ፣ ዙሩን ማብዛት ይሻላል። የመጀመሪያው ቤት ያጠጋጋው ይህንን ይመስለኛል።

ስለ ሕመሙ የሚጽፉት ሁሉ "ትንሽ ይወጋል" ይላሉ። ውሸት ነው። ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቼ ፊቴ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ እንደዚያም ሆኖ ሽንኩርት ሲቁላላ ከድስት የሚፈናጠር ዘይት በተከታታይ ፊትህ ላይ ሲያርፍ ማለት ነው። ከላይኛው ከንፈር በላይ ሲደርሱ እግሬ ራሱን ችሎ ተነሳ። ዓይኔ ተሸፍኗል፣ የማየው የለም፤ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ድምፅ እሰማለሁ፣ ጭስ የሚስበው ቱቦ ያጓራል፣ ሽታው ደግሞ የበዓል ማግስት የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው። የራሴ ፊት መሆኑን ሳስብ ሳቄ መጣ፤ "አትንቀሳቀስ!" ተባልኩ። 20 ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ረጅሙ። የመጀመሪያው ማታ ሚጥሚጣ የተነፋበት ፊት፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አደርኩ። በማግስቱ ዓይኔ አብጦ ጠበበ፣ ፊቴ ፈሳሽ ያወጣ ነበር። እናቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች፤ "እማዬ፣ ቫዝሊን ብቻ ነው የተባለው" ስላት "እኔ አንተን ያሳደግኩት በቫዝሊን ነው?" ብላ ተቆጣች፣ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ የቡና አተላ የተነሰነሰበት መሰለ፣ ሲነካ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ያኔ የሚመጣው ማሳከክ ከሌዘሩ ይከፋል፤ ቅርፊቱን መላጥ ግን ክልክል ነው። በሰባተኛው ቀን ረገፈ። በየዙሩ አምስት ስድስት ቀን መኪናዬ ቆሟል፤ ዋጋ ስትጠይቁ ይህንንም ቁጠሩት።

ጠባቦቹን ለብቻቸው በሌላ ቀጠሮ ነው የሠሯቸው። ጠንካራ አሲድ በስቴኪኒ ጫፍ ነክረው እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅ ያደርጋሉ፤ በሰከንዶች ውስጥ ነጭ ይሆናል። ሁለት ጊዜ፣ በ2,500 ብር። ሌዘሩ በዙር 9 ሺህ። ከመድኃኒቱና ከሰንስክሪኑ ጋር ከ40 ሺህ አልፏል፣ የቆመው መኪና ሳይታሰብ። ሰንስክሪኑ 2,400 ብር ሆኖ ለወር ተኩል አይበቃም፤ በየሦስት ሰዓቱ እቀባለሁ፣ ደግሞ ነጭ ይለቃል። አንዲት ተሳፋሪ "ሊጥ ስታቦካ ነው የመጣኸው?" ብላኛለች።

አሁን ጥር ነው፣ ከመጨረሻው ዙር አራት ወር። በየወሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ፎቶ እነሳለሁ፣ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ አይዋሽም። ጉንጬ ላይ ያሉት ሰፋፊዎቹ ግማሽ ያህል ሞልተዋል። የጠባቦቹ ጠርዝ ለስልሷል፣ አልጠፉም። ጆሮ ግንዴ ላይ ያሉት ብዙም አልተለወጡ። አፍንጫዬ እንደነበረ ነው። ማታ የጎን መብራት ሲያገኘኝ አሁንም ወንፊት ነኝ፣ ቀዳዳው ግን የደቀቀ።

በሁለተኛው ክሊኒክም ቅሬታ አለኝ፦ የአራት ሰዓት ቀጠሮ አንድም ቀን በአራት ሰዓት ተጀምሮ አያውቅም፣ ግድግዳው ላይ የሰቀሏቸው "በፊትና በኋላ" ፎቶዎችም ሁሉም የፈረንጅ ፊት ናቸው። ስጠይቅ ሐኪሟ ከስልካቸው የኛን ቆዳ የመሰሉ አሳዩኝ፤ እናንተም ጠይቁ። የሚያሳያችሁ ካጣ ውጡ። የምትሄዱ ከሆነ ከሰኔ በፊት ቀጠሮ ያዙ፣ ሰፊ ቆብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ራሳችሁ እየነዳችሁ አትመለሱ። እኔ ሹፌር ነኝ ብዬ ነዳሁ፣ ቦሌ መንገድ ላይ መብራት ያዘኝና በግራ መስኮት የገባችው ፀሐይ ምን እንዳደረገችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አራተኛ ዙር ያስፈልግሃል ብለውኛል፤ ለሚቀጥለው ሰኔ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው፣ እናቴ ግን አልሰማችም።