የመስታወቷ ቺፕ፦ ጎበዝ ናት፣ ፍጥነት ግን አትጠብቁባት

በወር አንዴ ብቻ የሚወጉት መርፌ አለ፣ ለምሳሌ ለአልኮልና ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠው ቪቪትሮል። መድኃኒቱ የሚገባው ፒኤልጂኤ ከሚባል ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) በተሠሩ ደቃቅ ድቡልቡሎች ውስጥ ሆኖ ነው። ፖሊመሩ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ መድኃኒቱም ቀስ እያለ ይወጣል። እኔ ጀርመን በምሠራበት ላቦራቶሪ እነዚህን የምንሠራው በሆሞጂናይዘር፣ ማለትም ፈሳሹን በኃይል በሚበጠብጥ ማሽን ነበር። ውጤቱን በማይክሮስኮፕ ስታዩት ጤፍና ባቄላ አብሮ የተደፋ ይመስላል። ደቃቆቹ መድኃኒታቸውን ቶሎ ይዘረግፋሉ፣ ትልልቆቹ መርፌ ይዘጋሉ። ለዚህ ነው ቺፗን፣ ማለትም ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች ያሉባትን ትንሽ የመስታወት ቁራጭ፣ የገዛናት።

አሠራሯ ቀላል ነው። በመሀል የፖሊመሩ ፈሳሽ ይመጣል፤ ፖሊመሩና መድኃኒቱ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ተሟሙተው ማለት ነው። ከግራና ከቀኝ ፒቪኤ (ጠብታዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ የሚያደርግ ነገር) የተሟሟበት ውሃ ይጨምቀዋል። መገናኛው ላይ ጠብታው ይበጠሳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ ሁሉም እኩል! ፈሳሹ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ከያዘ፣ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ሆኖ የወጣው ጠብታ ዳይክሎሮሜቴኑ ተንኖ ሲያልቅ ወደ 17 ማይክሮን ይወርዳል። መስታወት መሆኗም ጠቅሞናል፤ ከሲሊኮን ጎማ የሚሠሩት ቺፖች በዳይክሎሮሜቴን ያብጣሉ።

አሁን ወደ ምሬቴ። ትዘጋለች፣ ያውም በትንሽ ነገር። የፖሊመሩን ፈሳሽ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር ሳላሳልፍ አላስገባም። ስጀምር ውሃው ይቀድማል። ስጨርስ ደግሞ ወዲያው ንጹህ ዳይክሎሮሜቴን አሳልፋለሁ። ሻይ ልጠጣ ብሎ ትቷት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው የደረቀ ፕላስቲክ ነው። አብሯት የተሸጠልን የሲሪንጅ ፓምፕማ አይነሳ! በዝግታ ሲሠራ ሞተሩ እየቆረጠ እየቆረጠ ስለሚገፋ ጠብታው አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። እኩል እንዲሆን ከፍለን እኩል አልሆነም። ፈሳሹን በአየር ግፊት በሚገፋ ፓምፕ ስንቀይረው ተስተካከለ።

ፍጥነቷን ደግሞ እዩት። በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር የፖሊመር ፈሳሽ ብታሳልፉባት የምታገኙት 50 ሚሊ ግራም ድቡልቡል ነው፣ ያውም ድቡልቡሎቹ ሲታጠቡ የሚጠፋው ሳይቀነስ። አንድ የቪቪትሮል መርፌ 380 ሚሊ ግራም ናልትሬክሶን (መድኃኒቱ ራሱ) አለው። አንዱ ግራም ድቡልቡል 337 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ ለአንድ መርፌ ከ1.1 ግራም በላይ ያስፈልጋል። በእኛ ቺፕ ሲሰላ ከ22 ሰዓት በላይ፣ ለአንድ ሰው! በብዛት ማምረት የፈለገ ብዙ መስመር ጎን ለጎን የተደረደረበትን ይፈልግ፣ ወይም ፈሳሹ በብዙ ደቃቅ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ጠብታ ወደሚሆንበት ቀዳዳማ የመስታወት ሜምብሬን ይሂድ።

ለጥናት ከሆነ ግን ነገም እገዛታለሁ። ያለ ፓምፑ።