ፍላሹ ሳይነቀል ብር እንዳትከፍሉ

ከሱቁ ተመልሼ ገና ነጠላዬን እንኳን አላወለቅኩም። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ጅማ ያላችሁ፣ ኮዲንግ ልትማሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር ጭነት፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ የተፈታታ ሲፒዩ ተደርድሯል፣ አንድ ፈጣን ልጅ ደግሞ ቀና ሳይል ያናግራችኋል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ካሉት ወደ አንዱ ነው የሄድኩት።

አስተማሪ ነኝ። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና ላይ ተመዝግቤያለሁ። ስልጠናው በኢንተርኔት ነው፣ ነጻ ነው። በስልክ መለማመድ አልሆንልሽ ስላለኝ እቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ መጫን ግን ፈራሁ። አንድ ነገር ነክቼ ባበላሸውስ? የሚያውቅ ይጫንልኝ ብዬ ማክሰኞ ሲፒዩውን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ሙሉ የፕሮግራሚንግ ፓኬጅ አለን» አለኝ የሱቁ ልጅ። ፓይተን፣ ኮድ የሚጻፍበት ቪኤስ ኮድ፣ የስልክ አፕ የሚሰራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ። 1,800 ብር ብሎ በ1,500 ተስማማን።

ከቁልፉ ጋር የታሰረ ሰማያዊ ፍላሽ አወጣና ሰካ። አሥር ደቂቃ ያህል ነካካ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «ነይ እዪው ቲቸር» አለኝ። ጥቁር መስኮት ተከፍቷል። ፕሪንት ብሎ በቅንፍ ውስጥ ሄሎ ወርልድ ጻፈ። ኢንተር ሲጫን ሄሎ ወርልድ ብሎ መለሰ። «አንቺም ሞክሪ» አለኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ስሜን መልሶ ጻፈልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለወራት የፈራሁት ነገር ፊቴ ላይ ሲሰራ አየሁ። አንድሮይድ ስቱዲዮስ ስለው «እሱ ከባድ ነው፣ ቤትሽ ተረጋግተሽ ክፈቺው» አለኝ።

በዚያው ደስታ ላይ ሳለሁ በቴሌብር ላኪልኝ አለ። ላክሁ። ስልኩን ገልጦ ብሩ መግባቱን አየ። ከዚያ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። እኔ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ስከፍት አይከኖቹ ሁሉም ዴስክቶፑ ላይ አሉ። አንዱም አይከፈትም። የምፈልገው ነገር ቦታው ላይ እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ፣ ሐሙስ ማታ ለመንኩት። አይከኑን በቀኝ ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገባና አድራሻውን አሳየኝ። በ«ኢ» ፊደል ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ለተሰካው ፍላሽ የሰጠው ፊደል ነው። «ቲቸር፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ምንም አልተጫነም» አለኝ። «ያሳየዎት ከፍላሹ ላይ እያስነሳ ነው።»

ያቺ «ኢ» ሱቁ ውስጥም ነበረች። ከጥቁሩ መስኮት አናት ላይ። አይቻታለሁ! ምንድን ናት ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። ክፍል ውስጥ በየቀኑ «ያልገባችሁን ጠይቁ» የምል ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ማክሰኞ ቲቸር ነበርኩ፣ ዛሬ ሴትዮ ሆንኩ። «ሴትዮ፣ ሲሰራ አይተሽ አይደል የከፈልሽው?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ብሬን መልስ ስለው «ፍላሹን ከፈለግሽ በ900 ብር ውሰጂው» አለ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ሳቀች። «ደግሞ በዚህ ዕድሜ ኮዲንግ» አለች፣ ድምጿን እንኳን ሳትቀንስ። የማስተምራቸውን ልጆች የምታክል ናት።

ለማንኛውም ፓይተንም ቪኤስ ኮድም በነጻ የሚሰጡ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ ዳታ ከራሱ ከፓይተን ድረ ገጽ አወረደልኝ፤ ወደ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። መጫኛው ሲከፈት ከታች «አድ ቱ ፓዝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ካልተደረገ ጥቁሩ መስኮት ፓይተንን ላያገኘው ይችላል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። የኔ 4 ነው። የሱቁ ልጅ ይህን እያወቀ ነው የሸጠልኝ። የግድ ሱቅ ከሄዳችሁ ደግሞ ፍላሹን አስነቅሉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ሲሰራ እዩ፣ ከዚያ ክፈሉ።

ስወጣ አንዲት የዩኒፎርም ልጅ ሲፒዩ ታቅፋ እየገባች ነበር። እንባ ስለተናነቀኝ ምንም ሳልነግራት አለፍኳት። ሰማያዊው ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ነበር።