ኑቪት ፖሊሽ በአሉሚኒየም አውሮፕላን ላይ፦ የጎንደርን በጋና ክረምት ካየ በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ኑቪት በእጄ ከገቡት የአሉሚኒየም ፖሊሾች ሁሉ የሚበልጥ ነው። አውሮፕላኑን ደጅ የሚያሳድር ሰው ግን ገንዘቡን ቀለም ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

አዘዞ ግቢያችን ውስጥ ከወንድሜ ጋር የምንሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የለበሰችው 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ 2024-ቲ3 አልክላድ የሚባል የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ገና አልበረረችም፤ ሞተሯም አልተገጠመም። ላሜራዋ ግን አቧራውንም ዝናቡንም ቀምሷል፤ ስለ ፖሊሹ ለመናገር ያ ይበቃኛል።

የዚህ ላሜራ ውስጡ መዳብ የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። መዳቡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ በዚያው ልክ በቀላሉ እንዲበላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በሁለቱም ፊት ንጹሕ አሉሚኒየም ያለብሰዋል፤ በየፊቱ የውፍረቱን 5 ከመቶ ገደማ፣ ማለትም 0.04 ሚሊሜትር። የሚያበራውም የሚጠብቀውም ይኸው ስስ ልብስ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው እሱን ገፎ ይጥላል። የሽቦ ብሩሽማ ጭራሽ አይታሰብም። የብረት ፍንጣሪ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ዙሪያውን ይበላዋል። የጋራዥ ልጆች ሊያግዙን ሲመጡ በር ላይ መጀመሪያ የምቀበላቸው ብሩሻቸውን ነው።

ኑቪት በደረጃ በደረጃ ይሸጣል። እኛ የያዝነው ኤፍ7፣ ሲ እና ኤስን ነው። ኤፍ7 ጭረቱንና የደበዘዘውን ይቆርጣል፣ ሲ ያለሰልሳል፣ ኤስ ያበራል። ኤፍ7ን በሚሽከረከር ማሽንና በሱፍ ጨርቅ እንሠራለን፤ ሌሎቹን ሳይክሎ በሚባለው ባለ ሁለት ራስ ማሽን ላይ ባሰርነው የጥጥ ሹራብ። ሳይክሎው ውድ ነው፤ የእኛው 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመርም አስፈልጎታል። ያለ እሱ ግን አይሆንም። የሚሽከረከረው ማሽን የሚተወው ክብ ክብ ጭረት ጥላ ውስጥ አይታይም፤ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው ግን ላሜራው ሁሉ የሸረሪት ድር ለብሶ ይታያል። ፓስቱ እጅግ ቆጣቢ ነው፤ በጣት ጫፍ ነጠብ ነጠብ አድርጎ ማሽኑ ራሱ እስኪያደርቀው መሄድ ነው። አጋማሽ ላይ መብራት ከጠፋ ያንኑ ቦታ እንደገና መጀመር አለባችሁ።

ሥራው ደግሞ ያጠቁራል። የሚጠቁረው ከላሜራው የሚነሳው ደቃቅ አሉሚኒየምና ኦክሳይድ ነው፤ ጥፍር ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ላሜራውን ከሚያያይዙት ሪቬቶች ዙሪያ ይህን ዝቃጭ የሚያወጣው ተራ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ቅባቱን መጥጦ በጨርቅ ይወጣል። ጎረቤታችን እማማ ይህን ሲያዩ «ስንዴ በዚህ ዋጋ እያለ ለቆርቆሮ ትነሰንሱታላችሁ?» ብለው ተቆጡን። መልስ አልነበረንም።

ውጤቱ ያምራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረባቸው የሲ-47 አውሮፕላኖች በድሮ ፎቶዎች ላይ ለምን እንዲያ እንደሚያበሩ የገባኝ የእኛን ጎን ካወለወልኩ በኋላ ነው። ግን ፖሊሽ አያልቅም። በበጋ አቧራው ይሰፍርበታል፤ በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት ትጭሩታላችሁ፣ ስለዚህ በውኃ ማፍሰስ ብቻ። በረኪናና ኃይለኛ የልብስ ሳሙና ዱቄት አይንኩት፤ አሉሚኒየምን ያበላሻሉ። የርግብ ኩስና የልጆች ላብ ያለበት እጅ በቶሎ ካልታጠቡ አሻራቸው ይቀራል። ክረምቱ ፍርዱን የሰጠው ጅራቷ ላይ ነው። ከቆርቆሮ ጥላው ውጭ የቀረው የጅራቷ ጫፍ ነጭ የውኃ ጠብታ ምልክት ለብሶ ግራጫ ሆነ፤ ጥላ ሥር የነበረው ግን መስከረም ላይ አሁንም ፊት ያሳይ ነበር። ግራጫውን በሲ እና በኤስ መለስነው፤ ኤፍ7 አላስፈለገም።

መሪዎቿን፣ ማለትም ክንፏና ጅራቷ ላይ የሚታጠፉትን ክፍሎች፣ እንዲሁም ከፋይበር የተሠራውን የሞተር መሸፈኛ ቀለም ቀባናቸው። ላሜራው ታጥቦ ውኃ ሳይቆራረጥ እስኪፈስበት ድረስ ይጸዳል፤ ከዚያ አሲድ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ኤፖክሲ ፕራይመር፣ በመጨረሻ ባለ ሁለት ድብልቅ ፖሊዩሪቴን። የዚህ ቀለም ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት አለበት፤ አስም ያስይዛል፣ የአቧራ ማስክ አያስጥልም፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ጭንብል ያስፈልጋል። ጎንደር ውስጥ ለመርጨት የሚመቸው ዝናቡ እንዳቆመ፣ አቧራው ሳይነሳ፣ በማለዳ ነው። መሪዎቹ ከተቀቡ በኋላ ሚዛናቸው እንደገና መለካት አለበት፤ ከማጠፊያው ኋላ የተጨመረ ጥቂት ግራም በፍጥነት ላይ ክንፍ የሚሰብር መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ግን እነዚያን ክፍሎች ከማጠብ በቀር የነካቸው የለም።

ታዲያ ለምን ሁሉንም አልቀባንም? ክብደት ነው። ለእንደዚህ ያለች አውሮፕላን ፕራይመርና ቀለም ሲደመር 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አዘዞ ማረፊያው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ 18 ከመቶ ይሳሳል፣ ሞተሩም ክንፉም በዚያው ልክ ይደክማሉ። ከአብራሪው ፊት ያለው አፍንጫዋ ግን ያለ ክርክር ደብዛዛ ጥቁር ተቀብቷል፤ የተወለወለ ላሜራ ፀሐይን ወደ ዓይን ይመልሳል።

አሁን የቀረን የክንፎቹ የታች ፊት ነው። ወንድሜ ፖሊሽ ይላል፤ እኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ጥቁር ዝቃጭ ዓይኔ ውስጥ እየተንጠባጠበ አልወለውልም ብያለሁ። ቀለሙ ተገዝቷል። ኑቪት ልትገዙ የምታስቡ ደግሞ ላሜራችሁ አዲስ ከሆነ በሲ እና በኤስ ጀምሩ፤ ኤፍ7 ላረጀና ለተጫረ ነው፣ የእኛው ጣሳ ገና ግማሹ አልተነካም።