የንክኪ ስሜትን በአንጎል ምስል ለምታጠኑ ሁሉ፦ ስለ አንዲት የኤምአርአይ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ጽሑፍ በምንሠራበት የምርምር ማዕከል የኤምአርአይ መሣሪያውን (በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሣውን) ለሚያንቀሳቅሱት የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት የቀረበ ምስጋና ነው፤ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ለተሰማራችሁ ተመራማሪዎችና በጥናት ለመሳተፍ ለምታስቡ ፈቃደኞች ደግሞ ጥቆማ እንዲሆን አስቤዋለሁ። ስማቸው በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር መናገር ይገባኛል፤ የሰው አንጎል ቅርፊት ንክኪን እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚያሳዩት ምስሎቻችን የሚታመኑ መሆን አለመሆናቸው በአብዛኛው የሚወሰነው እሳቸው ተሳታፊውን በአልጋው ላይ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ነውና።

የምናጠናው የአንጎል ክፍል ብዙ የተደከመበት ነው። ቅርፊቱን ከአናት ወደ ጎን እየወረደ የሚከፍለው ማዕከላዊ ቦይ በስተፊቱ የእንቅስቃሴን፣ በስተኋላው የስሜትን እጥፋት ይዟል፤ ከግራ እጅ የሚነሣው መልእክት ወደ ቀኙ የአንጎል ግማሽ፣ ከቀኝ እጅ የሚነሣው ወደ ግራው ይሻገራል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞቹ ዋይልደር ፔንፊልድና ኤድዊን ቦልድሬይ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተሙት ሥራ፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ ነቅተው የነበሩ ታካሚዎችን የአንጎል ቅርፊት በቀላል የኤሌክትሪክ ጅረት እየነኩ ምን እንደተሰማቸው በመጠየቅ የሰውነትን ካርታ ነደፉ፤ በዚያ ካርታ ላይ ጣቶችና ከንፈር ከጀርባ ይልቅ እጅግ ሰፊ ቦታ ይዘው ተገኙ። ይህንኑ የራስ ቅል ሳይከፈት ለማየት መንገድ የጠረገው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በአይጦች ላይ ያሳዩት ግኝት ነው። ኦክስጅን የተሸከመው ሂሞግሎቢንና ኦክስጅኑን ያራገፈው በማግኔት ፊት የተለያየ ጠባይ ስላላቸው፣ በሥራ ላይ ያለ የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የበዛበት ደም ሲጎርፍለት የምስሉ ብሩህነት በጥቂቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዘዴው በሰው ላይ እንደሚሠራ የሚያሳዩ ጥናቶች ታተሙ፤ ዛሬ ኤፍኤምአርአይ የምንለው ይኸው ነው።

የዚህ ጭማሪ መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በሥራው ውስጥ ያላለፈ ሰው አይገምትም። በተለመደው ባለ 3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) መሣሪያ ጣትን በንዝረት ስንነካ የምናገኘው ለውጥ ቢበዛ ጥቂት በመቶ ነው፤ ከፍታው ላይ የሚደርሰውም ንክኪው ከጀመረ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው። ተሳታፊው ራሱን አንድ ሚሊሜትር ቢያነቃንቅ ከዚያ የሚመጣው ለውጥ ከምንፈልገው ምልክት ሊበልጥ ይችላል። እንቅስቃሴው ከንዝረቱ ጋር እኩል እየተነሣ እኩል የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ፣ በኋላ በኮምፒውተር የቱንም ያህል ቢታረም እውነተኛውን ምላሽ ከሐሰተኛው መለየት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ነው የጥናቱ ዕጣ ፈንታ እዚያው በመሣሪያው ክፍል ውስጥ ይወሰናል የምለው።

የእይታ ጥናት የሚያካሂድ ሰው ሥዕሉን በመስታወት አንጸባርቆ ለተሳታፊው ማሳየት ይበቃዋል። ንክኪን የሚያጠና ግን ቆዳን የሚነካ መሣሪያ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ 60,000 ጊዜ ያህል በሚበረታ ማግኔት ውስጥ ማስገባት አለበት። ተራ የኤሌክትሪክ ሞተር እዚያ ማስገባት አደገኛ ነው፤ በአየር ግፊት ወይም በፒዞኤሌክትሪክ ቁስ (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቅርፁን በሚለውጥ ቁስ) የሚንቀሳቀሱ ነዛሪዎችን የምንጠቀመው ለዚህ ነው። ችግሩ በዚህም አያበቃም። የመሣሪያው ክፍል ግድግዳ የውጭ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባ በብረት የተሸፈነ ነው፤ በዚያ አልፎ የሚገባ ሽቦ ያለ ማጣሪያ ከሆነ አንቴና ሆኖ ረብሻውን ይዞ ይገባል፤ ተጠምጥሞ ቆዳ ላይ ካረፈ ደግሞ ሰውን ሊያቃጥል ይችላል።

እኚህ ባለሙያ አዲስ ነዛሪ ስናመጣላቸው በመጀመሪያው ቀን ሰው አያስተኙበትም። በፈሳሽ የተሞላውን የመፈተሻ ዕቃ በተሳታፊው ቦታ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ነዛሪው ሳይኖር፣ አንድ ጊዜ ሽቦው ተሰክቶ ነገር ግን ጠፍቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እየነዘረ ምስል ያነሣሉ። ከዚያም ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ከዕቃው ውጭ ያለውን ጥቁር ዳራ ብሩህነቱን ከፍ እያደረጉ ይመረምራሉ፤ ምንም ሊኖርበት የማይገባው እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን የነጥብ መስመር ካዩ፣ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ሥራው አይጀመርም። ብዙ ተመራማሪ ይህን ፍተሻ የሚያስታውሰው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ግን ስለ እጅ ሙቀት ያላቸውን ጥንቃቄ ነው። የመሣሪያው ክፍል ቀዝቃዛ ነው። በጣት ቆዳ ውስጥ ያሉት ተቀባዮች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የማይስነር የሚባሉት በሰከንድ ከ10 እስከ 50 ጊዜ ለሚደርስ ዝግ ያለ ርግብግቢት፣ ከቆዳ ሥር ጠለቅ ብለው የሚገኙት የፓቺኒ ተቀባዮች በሰከንድ 250 ጊዜ ገደማ ለሚደርስ ፈጣን ንዝረት ይበልጥ ንቁ ናቸው። እጅ ሲቀዘቅዝ በተለይ ፈጣኑን ንዝረት የመለየት ችሎታው ይዳከማል። በመሆኑም እጁ የቀዘቀዘ ሰው በምስሉ ላይ ደካማ ምላሽ ቢያሳይ፣ ልዩነቱ የመጣው ከአንጎሉ ሳይሆን ከጣቱ ሊሆን ይችላል። እሳቸው የእያንዳንዱን ተሳታፊ ጣቶች በእጃቸው ይዘው ያያሉ፤ ከቀዘቀዙ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እስኪሞቁ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ወደ ማግኔቱ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የቆዳውን ሙቀት ለክተው በመዝገብ ያሰፍራሉ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የለም። ዛሬ ያ መዝገብ በትንተናችን ውስጥ ራሱን የቻለ መለኪያ ሆኖ ገብቷል።

ተሳታፊው ከገባ በኋላም ዓይናቸው ከካሜራው አይነቀልም። የነዛሪው ጫፍ ጣቱን ሲነካው ብዙ ሰው ሳያውቀው ጣቱን አጠፍ አድርጎ ወደ ጫፉ ይጫናል። ይህች ትንሽ መጫን ከቦይው ማዶ ያለውን የእንቅስቃሴ እጥፋት ታስነሣለች፤ የሁለቱ እጥፋቶች የእጅ አካባቢዎች ደግሞ ግድግዳ እንደሚጋሩ ጎረቤቶች ፊት ለፊት የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በሆነ የምስል ቁራጭ ላይ የአንዱ ምልክት በሌላው ላይ ይፈሳል። እሳቸው የጣቱ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ እንዳዩ ቀረጻውን ያቆማሉ፣ በድምፅ ማጉያው ተሳታፊውን በረጋ ድምፅ ያናግራሉ፣ ገብተውም ከመዳፉ ሥር ስፖንጅ አድርገው ጣቶቹ ያለ ጉልበት እንዲያርፉ ያመቻቻሉ። የጠፋው ጊዜ ቢያሳስበንም፣ ከዚያ በኋላ በሚወጣው ካርታ ላይ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያለው ቅደም ተከተል ከጎን ወደ አናት ሲደረደር ማየት ለዚያ መዘግየት ከበቂ በላይ ካሣ ነው።

መሣሪያው ራሱ ሰውን ይነካል፤ ይህንንም ያስተዋሉልን እሳቸው ናቸው። ምስል በሚነሣበት ጊዜ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ለጀርባና ለእጅ ይሰማል። ክንዱ የሚያርፍበትን ሁሉ በወፍራም ስፖንጅ የሚለዩት፣ የንክኪ ካልሆኑት የጥናቱ ክፍሎች ጋር ስናነጻጽርም የቀረጻው ዓይነት እንዳይለወጥ የሚያሳስቡን ለዚህ ነው። ግንባር ላይ የምትለጠፈው ፕላስተር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ተሳታፊው ራሱን ሲያነቃንቅ ፕላስተሯ ቆዳውን ስትስበው ስለሚሰማው ይረጋጋል፤ ነገር ግን በስሜት ካርታው ላይ ፊት ከእጅ አጠገብ ስለሚገኝ፣ እሳቸው ለሁሉም በአንድ ቦታና ቀረጻው ከመጀመሩ ብዙ ደቂቃ በፊት ይለጥፏታል።

ስለ ተሳታፊዎች ደኅንነትና አያያዝ ጥቂት ልጨምር። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ የብረት መቆንጠጫ፣ በዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ያለው ሰው እንዳይገባ የሚደረገውን ጥያቄ እሳቸው ቅጹን በማስሞላት ብቻ አያልፉትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይጠይቁታል። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ እንደሚችል አስቀድመው ይነግሩታል፣ የጆሮ መሸፈኛውን አስተካክለው ያደርጉለታል፣ የመጥሪያዋን ኳስ በእጁ አስይዘው አንድ ጊዜ እንዲጨምቃት ያደርጉታል። ይህ ሁሉ ለሰው ክብር ሲባል ሊደረግ የሚገባው ነው፤ ለሳይንሱም ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ትኩረት የስሜት ቅርፊቱን ምላሽ ይለውጣል፣ የፈራ ሰው ትኩረት ደግሞ ከጣቱ ላይ አይሆንም። ሁለቱን እጆቹን እንዳያነካካ የሚነግሩትም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ሙቀት የሚፈጥር የጅረት መንገድ ሊሠራ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ራሱን ሲነካና ሌላ ሲነካው አንጎሉ አንድ ዓይነት ምላሽ አለመስጠቱ ነው፤ ተመራማሪዋ ሣራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚሁ ዘዴ እንዳሳዩት፣ ራስን መኮርኮር በስሜት ቅርፊቱ ላይ የሚያስነሣው ምላሽ ሌላ ሰው ሲኮረኩር ከሚታየው ያነሰ ነው። በምስሉ ላይ እንግዳ ነገር ካዩ ለተሳታፊው ምንም ሳይሉ፣ ግምትም ሳይሰጡ፣ ለሚመለከተው የራዲዮሎጂ ሐኪም ያስተላልፋሉ። ቤተሰባችሁን ለጥናት የምትልኩ ከሆነ ይህ ሊያረጋጋችሁ ይገባል።

ሐቀኝነታቸውንም መመስከር አለብኝ። ከጣት የተነሣው መልእክት በመጀመሪያ የትኛው የቅርፊት ክፍል ላይ፣ ቀጥሎስ የትኛው ላይ እንደሚደርስ በጊዜ ቅደም ተከተል ለማወቅ ፈልገን ዕቅድ ስናቀርብላቸው፣ ገንዘባችንንና ሰዓታችንን ተቀብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የእጅ አንጓ ነርቭ ሲነቃቃ የመጀመሪያው የቅርፊት ምላሽ በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ እንደሚታይ፣ የደም ፍሰት ግን ሰከንዶች እንደሚፈጅ አስታውሰው፣ ይህን ጥያቄ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቆዳ ላይ በሚለካው በኢኢጂ ወይም መግነጢሳዊ ምልክቱን በሚለካው በኤምኢጂ ብንጠይቀው እንደሚሻል በግልጽ ነገሩን። ምክራቸውን ተቀብለን የጥናቱን ያንን ክፍል ለሌላ ላቦራቶሪ ሰጠን፤ የእሳቸውን መሣሪያ የት ለሚለው ጥያቄ ብቻ ተጠቀምንበት።

ከእሳቸው ጋር መሥራት ለሚቸኩል ሰው ከባድ መሆኑን አልደብቅም። ፍተሻ አያሳጥሩም፣ ሰዓት ያሳለፈን ቡድን በሌላው ሰዓት አያካክሱም፣ በተጣበበ ሰዓት ውስጥ ተጨማሪ ቀረጻ ለማስገባት የሚቀርብ ልመና አይሰሙም። በእኔ እምነት ይህ የሙያው ግዴታ ነው፤ በሥራው የምተማመነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በማዕከላችን ሰዓት ለመያዝ የምታስቡ ቡድኖች፣ ከቀጠሮው በፊት የነዛሪያችሁን ክፍሎች የተሠሩበትን ቁስ፣ የሽቦውን ወይም የአየር ቱቦውን ርዝመትና በግድግዳው የሚያልፍበትን መንገድ በጽሑፍ ላኩላቸው፤ ለመፈተሻ ዕቃው ብቻ የሚሆን የተለየ ሰዓትም ጠይቁ። የምስሉ ሽፋን ከአናት ጀምሮ በጆሮ አቅጣጫ እስካለው ሁለተኛው የስሜት ቅርፊት እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ይህን በዕለቱ ሳይሆን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የምስሉን ቁራጭ ባሳነሳችሁ ቁጥር ሁለቱን በአንድ ቀረጻ መያዝ ይከብዳልና። ውጤቱን ስትጽፉም የዘዴውን ክፍል ረቂቅ አስነብቧቸው፤ የእኛን ሲያነቡ የእጅ አቀማመጡንና የቆዳውን ሙቀት የሚገልጹ፣ ሌላ ላቦራቶሪ ጥናቱን መድገም ቢፈልግ ግድ የሚያስፈልጉትን ዓረፍተ ነገሮች የጨመሩልን እሳቸው ናቸው።