ካንዴላ ከመቀየራቸው በፊት ቴስተር ለሚያወጡት ጋሼ ምስጋና

በግል አመስግኛቸዋለሁ። እሳቸው ግን «ሥራዬ ነው» ብለው ወደ ቀጣዩ መኪና ዞሩ። ስለዚህ በአደባባይ ልድገመው። አሮጌ የጃፓን መኪና የምትነዱ፣ በተለይ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ በተራ የሚያከፋፍለው ዕቃ) እና ወደ ካንዴላው፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ ወደሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ የሚሄድ ረጅም ገመድ ያለው መኪና ያላችሁ፣ እኚህን መካኒክ ብታውቋቸው ትጠቀማላችሁ።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1994 ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። ሰሞኑን ቆማ ሚኒሞ ላይ ስትሆን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ ሲሠራ) መንቀጥቀጥ አመጣች። ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። ዝናብ ያደረበት ጠዋት ላይማ ጭራሽ በሦስት ሲሊንደር ነበር የምትሄደው። አንድ ጋራዥ ወስጄ ባሳያት «የነዳጅ ፓምፕ ነው፣ ይቀየር» አሉኝ፣ ያውም ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍቱ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጋሼ (ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ራሳቸው ለምነውኛል) መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ዝናብ ሲሆን ይብስባታል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ነዳጁን ለጊዜው ተይው ልጄ። እሳቱን እንይ።»

ነገሩ ገብቶኝ የነበረው ግማሹ ብቻ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ዝናብ መዝነቡን በምን ያውቃል? ገመድ ግን ያውቃል። ከኮይል (የባትሪውን ቮልቴጅ ከፍ ከሚያደርገው ዕቃ) ተነስቶ ወደ ካንዴላ የሚሄደው ኤሌትሪክ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። የገመዱ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀና እርጥበት ካገኘው፣ እሳቱ ሲሊንደር ውስጥ መግባቱን ትቶ በአቅራቢያው ወዳለው ብረት ይዘላል። ጋሼ መኪናዋን ጨለም ያለ ጥግ አስገቡና ሞተሩን አስነስተው ገመዶቹ ላይ ውሃ በስሱ ረጩ። ሁለተኛው ገመድ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ትር ትር ሲል በዓይኔ አየሁ። ድምፁም ይሰማል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «በቃ፣ አራቱም ካንዴላ ከነገመዱ ይቀየር» ብሎ ይጨርስ ነበር። እሳቸው ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ገመድ ቆቡን ይዘው ጠምዘዝ እያደረጉ ነቀሉት። ገመዱን ራሱን ይዞ የሚጎትት ሰው ሲያዩ ያማቸዋል። ውስጡ እንደ ሽቦ ጠንካራ ነገር አይደለም፤ ካርቦን የጠጣ ክር ነው። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል።

አራቱን ካንዴላዎች ጨርቅ ላይ በተራ ደረደሯቸው። አንደኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ጫፋቸው ቀለል ያለ ቡናማ ነው፤ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው መልክ ይኸው ነው። የሁለተኛው ጫፍ ጠቁሮ ርሷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጁ ደርሶታል ማለት ነው፤ ያልደረሰው እሳቱ ነው። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ነጩ ሸክላው ላይ ያለው ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። የገመዱን ቆብ ገልብጠው በባትሪ መብራት አሳዩኝ፤ ትይዩው ላይ ተመሳሳይ መስመር አለ። እሳቱ በውስጥ መሄዱን ትቶ በሸክላው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ብረቱ ሲወርድ የሠራው መንገድ ነው። ለዚህ ነው ካንዴላውን ብቻ ወይም ገመዱን ብቻ መቀየር የማይበቃው። አንዱ ላይ የቀረው መስመር አዲሱንም ያበላሻል።

በነገራችን ላይ ሌሎቹ ሦስቱ ሸክላቸው ሥር ቡናማ ቀለበት ነበራቸው። እኔ እሱንም ብልሽት ነው ብዬ ስጠቁም ጋሼ ሳቁ። ኃይለኛ ቮልቴጅ አየር ላይ ያለውን የዘይት ብናኝ ወደ ሸክላው ስቦ የሚያጣብቀው ነው፣ ጉዳት የለውም። ይህን እያሳየ ካንዴላ የሚያስቀይር ሰው አይጠፋም፤ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ) አወጡ። ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነት ገመድ ያስቀመጠው የሬዚስታንስ (ኤሌትሪክን የመቋቋም) ጣሪያ በአንድ ገመድ 25 ኪሎ ኦም ነው። ሦስቱ ከዚያ በታች ናቸው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ሲለካ ደህና ይመስላል። ጎበጥ ሲያደርጉት ቁጥሩ ዘለለና ጠፋ። ገመድን እያጎበጡ መለካት ማንም ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ጓደኞቼ «ኢሪዲየም አድርጊ፣ ገመዱንም ያንን ወፍራሙን ቀይ የውድድር ገመድ ውሰጂ» ብለውኝ ስለነበር ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን ሙሉውን ልጻፈው፣ ምክንያቱም ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ኢሪዲየም መጥፎ ነገር አይደለም። የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፕላቲኒየም 1,770 አካባቢ፣ በተራው ካንዴላ ጫፍ ላይ ያለው ኒኬል ደግሞ 1,455 ላይ። ስለዚህ የኢሪዲየሙን ጫፍ እንደ መርፌ አቅጥኖ መሥራት ይቻላል፤ ቶሎ አይበላም፣ በትንሽ ቮልቴጅም እሳት ይሰጣል። ካንዴላው ለመድረስ ግማሽ ሞተር የሚያስፈታ መኪና ከሆነ ረጅም ዕድሜው ያዋጣል። የእኔ ግን አራቱም ከላይ ናቸው፣ በቀላሉ ይወጣሉ። ተራው ኒኬል 20 ወይም 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ይቀየራል፣ አለቀ። «እሳቱ መንገድ ላይ እየተሰረቀ ኢሪዲየሙ ምን ይሠራል? ገንዘቡን ገመዱ ላይ አውይው» አሉኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር እኮ። አልሸጡልኝም።

ወፍራሙ ቀይ ገመድም ያው ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ጎማ ነው። ውስጡ ንጹሕ መዳብ ከሆነ ደግሞ ጣጣ ያመጣል፤ ሬዲዮው ይጮኻል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሊረበሽ ይችላል። የዚህ ዘመን መኪና ገመድ ሬዚስታንስ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራው በምክንያት ነው። እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው፦ የእያንዳንዱ ገመድ ርዝመት ከፋብሪካው ጋር እኩል መሆኑን፣ ቆቡ ካንዴላው ላይ ሲገባ ቀጭ ብሎ መያዙን፣ ጎማው ሙቀት የሚችል ሲሊኮን መሆኑን። የመረጡልኝ የፋብሪካው ዓይነት ባለ ካርቦን ገመድ ነው፤ ሲያዩት ምንም አያምርም።

ካንዴላው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ዴንሶ ኬ16አር-ዩ11 ሲል፣ 16 የሙቀት ደረጃው ነው፣ አር ውስጡ ሬዚስተር አለው ማለት ነው፣ 11 ደግሞ እሳቱ የሚዘልበት የጫፉ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። የኤንጂኬ ቢኬአር5ኢ-11 ላይም 5 የሙቀት ደረጃው ነው፤ የዴንሶ 16 እና የኤንጂኬ 5 ይመጣጠናሉ። በሁለቱም የጃፓን ካንዴላዎች ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው «ቀዝቃዛ» (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ) ይሆናል። ቦሽና ሻምፒዮን ላይ ግን ግልብጥ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። «ከፍ ያለ ቁጥር ውሰዱ፣ ጠንካራ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ጫፉ ከ450 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥቀርሻውን አያቃጥልም፣ ይጠቁራል። በጣም ከጋለ ደግሞ ነዳጁን ያለጊዜው ያቀጣጥላል፣ ያ ፒስተን ይበሳል። ደረጃውን መመሪያው ይወስናል እንጂ የሻጩ ምላስ አይደለም።

አስመሳይ ዕቃ እንዳይሆን አዲሱንም ይፈትሹታል። የመጠምዘዣ ጥርሱ ልስልስ ያለ ነው ወይ? የመሃሉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይ? ሮንዴላው (የብረት ቀለበቱ) በጣት ሲሽከረከር ውልቅ ይላል ወይ? ክፍተቱንም ከካርቶን የወጣ ነው ብለው አያምኑም፣ አራቱንም ለኩ።

አሁን እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ጋር ደረስኩ። የሁለተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ የሞተር ዘይት ነበር። በዚህ ሞተር ካንዴላዎቹ ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ክፍል) መሃል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ በቫልቭ ክዳኑ ሥር በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ሲደርቅ ዘይት ያስገባል። የገመዱን ቆብ አለስልሶ የገደለው ይኸው ዘይት ነው። ቀለበቶቹን ከነክዳኑ ጋስኬት (ማሸጊያ) ቀየሩ። ይህን ባያደርጉ አዲሱም ገመድ ቀኑን ጠብቆ ይበላሽ ነበር፣ እኔም እንደገና እመጣ ነበር። ደንበኛ እንዲመላለስ የማይፈልግ መካኒክ ብርቅ ነው።

ሲገጥሙ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቀየሩ፣ ተራው እንዳይምታታ። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፤ ሁለት ገመድ ቢቀያየር ሞተሩ ያስነጥሳል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ካንዴላዎቹን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ። ከተቀመጡ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር፣ ከዚያ አቆሙ። ጥርሱ ላይ ቅባት አይቀቡም። ቅባት ካለ እጅ ሳይታወቀው አብዝቶ ያጠብቃል፣ አሉሚኒየሙ ይጎዳል።

አሁን ሚኒሞዋ ጸጥ ብሏል፣ ዳገቱንም ትወጣለች። የነዳጅ ፓምፑ ያው የድሮው ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አላቸው። ቀርፋፋ ናቸው። በሥራ ላይ ስልክ አያነሱም፣ ቀጠሮ ማክበርም ብዙም አይሆንላቸውም። የቸኮለ ሰው ይናደዳል። በየካንዴላው አናት ላይ ኮይል ያለው አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ «ለዚህ ሌላ ሰው አለ» ብለው ይመልሷችኋል፤ እኔ ይህንንም ወድጄላቸዋለሁ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ መኪናውን ማታ አድርሳችሁ አሳድሩት። በጋለ ቴስታታ ላይ ካንዴላ አይፈቱም፣ ጥርሱን ይዞ ይወጣል ብለው ይሰጋሉ። ሞተሩን አሳጥባችሁም አትሂዱ፤ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይፈልጋሉ። ስልካቸውን ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። የመኪናችሁን ዓመትና የሞተሩን ኮድ ግን አብራችሁ ያዙ፣ ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቁት እሱን ነው።