ለጉባኤያችን በር ላበጀልን ልጅ

የጽዋ ማኅበራችን አባላት ተበታትነናል። ግማሾቻችን እዚህ ሜሪላንድ ነን፤ ሌሎቹ አዲስ አበባ፣ ቤይሩትና ሪያድ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም እንገናኛለን። ቅዳሴና ቁርባን በስልክ እንደማይሆን እናውቃለን። ውዳሴ ማርያሙ፣ ትምህርቱና መዝሙሩ ግን ያገናኘናል።

አምና በፍልሰታ አንዷ እህታችን ሰው ይብዛልን ብላ ሊንኩን ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። በሦስተኛው ቀን ጸሎት ላይ ሳለን የማናውቃቸው ሰዎች ገብተው አስነዋሪ ምስል ለቀቁብን። እናቶችም ልጆችም ነበሩ። መምህራችን መጽሐፋቸውን አጥፈው ዝም አሉ። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ሳስወጣ ሌላው ይገባል። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ኮቪድ በገባ ሰሞን፣ በ2012፣ ይህ ብልግና ሲበዛ ዙም ራሱ የይለፍ ቃልና የመቆያ ክፍል (ገቢው እስኪፈቀድለት የሚጠብቅበትን) አብርቶ ነበር። እኛ ግን «ለእናቶች ያስቸግራል» ብለን አጥፍተነዋል።

ከዚያ ይህን ልጅ ጠቆሙን። ስሜን አትጥሩ ስላለ አልጠራውም። ኮምፒውተርና ኔትወርክ እየሠራ የሚተዳደር ወጣት ነው። ቤቴ የመጣው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት አሳልፎ ነው፤ ተናድጄ ነበር። ላፕቶፑን ሳይነካ ግን «ከምትሰበሰቡት ውስጥ ቢታወቅበት የሚጎዳ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነት ለመናገር አስቤበት አላውቅም። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሪያድ ያሉት እህቶቻችን ሰው ቤት ነው የሚሠሩት፤ ማታ ኩሽና ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰሙን። እኛ ደግሞ ጉባኤውን እየቀዳን፣ ፊታቸው ከነስማቸው የሚታይበትን ፎቶ ቴሌግራም ላይ እንለጥፍ ነበር!

አሁን ሁሉም የሚገባው በክርስትና ስሙ ነው። ሁለት ሰዎች የመቆያ ክፍሉን ይጠብቃሉ፤ የማያውቁትን ስም ደውለው ሳያጣሩ አያስገቡም። ስክሪን የሚያጋራው አስተናጋጁ፣ ማለትም ጉባኤውን የሚከፍተው ሰው፣ ብቻ ነው። ሰው ለሰው በግል መጻጻፍም ተዘግቷል፤ ለካ አንድ የማናውቀው ሰው ለልጃገረዶቹ እየጻፈ ያስቸግራቸው ኖሯል። መቅዳት ቀረ። «በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳውን ግን ማገድ አልችልም፤ የሚሰጉት ካሜራቸውን ያጥፉ» ብሎ ቁርጡን ነገረን። ይህ ሐቀኝነቱ ነው ከሁሉ የማረከኝ።

ሳንጠይቀው የሠራው ሌላም አለ። ከበሮውና ጸናጽሉ ለሌሎች ሲቆራረጥ ኢንተርኔቱን ነበር የምንረግመው። ነገሩ ወዲህ ነው። ዙም ከሰው ድምፅ ውጭ ያለውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። «ኦሪጅናል ሳውንድ» የምትባለውን አበራትና ከበሮው ቤይሩት ድረስ ተሰማ። አብረን ስንዘምር የሚፈጠረውን መቀዳደም ግን ማንም አያስተካክለውም አለን። ስለዚህ አንድ ሰው ይመራል፣ ሌላው ድምፁን ዘግቶ በየቤቱ ይቀበላል።

የተቀበለን የ3 ሰዓት ሥራ ዋጋ ብቻ ነው። እናቶችን በስልክ ሲያለማምድ ያመሸበትን አልቆጠረውም። ባለፈው ቅዳሜ «ጋላክሲ» የሚል ስም መቆያ ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ጠባቂዎቻችን ተደናግጠው ነበር። ሲጣራ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው የገቡ እናታችን ናቸው። እስኪያስገቧቸው ግን ጠበቁ፤ አልተቆጡም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለማኅበራችሁ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቀጠሮውን ብቻ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ንገሩት።