«እምነትና ንስሓ» በዱባይ፦ ስድስት ሳምንት በአምስት ቋንቋ

በዱባይ ኡድ ሜታ በሚባለው ሰፈር፣ የአንግሊካኑ ቅድስት ሥላሴና የካቶሊኩ ቅድስት ማርያም አብያተ ክርስቲያናት በሚጎራበቱበት አካባቢ፣ የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው በርካታ የወንጌላውያን ጉባኤዎች አዳራሾችን በሰዓት እየተከፋፈሉ ያመልካሉ። አንዱ ጉባኤ የመጨረሻውን ዝማሬ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ጊታሩን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ከእነዚህ ጉባኤዎች አንዱ «እምነትና ንስሓ» በሚል ርእስ ለስድስት ሳምንታት የሚሰጠውን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ምስጋናዬ ከነቀፌታዬ ቢበልጥም ነቀፌታው ቀላል ስላልሆነ የጉባኤውን ስም አልጠቅስም።

ትምህርቱ በነጻ ነው፤ ለሚታደለው ጥራዝም ሆነ ለሻዩ የሚከፈል ነገር የለም። በመጀመሪያው ምሽት ስልሳ የምንሆን ሰዎች የተገኘን ሲሆን ፊሊፒናውያን፣ ከኬረላ የመጡ ሕንዶች፣ ኬንያውያንና እኛ ኢትዮጵያውያን እንበዛ ነበር። መምህሩ ናይጄሪያዊ ፓስተር ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን አራት አስተርጓሚዎች ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠው በዝቅተኛ ድምፅ ወደ ታጋሎግ፣ ወደ ማላያላም፣ ወደ ስዋሂሊና ወደ አማርኛ ያስተላልፋሉ። የጆሮ ማዳመጫውን የሚያድሉት አስተናጋጆች መታወቂያ ያስይዛሉ፤ ዕቃው ውድ በመሆኑና ከዚህ ቀደም ጥቂቱ ስለጠፋ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከፊቴ ተሰልፋ የነበረች አንዲት እህታችን መታወቂያዋ በአሠሪዎቿ እጅ ስለነበረ የምታስይዘው አጥታ ባዶ እጇን ገባች፤ እኔም ከማዳመጫዬ ሁለት ጆሮ አንዱን ለእሷ ሰጥቼ ስድስቱን ሳምንት ገመድ ለገመድ ታስረን ተቀመጥን። ባትሪው በሦስተኛውና በአምስተኛው ምሽት መሐል ላይ ሞተብን፤ መለዋወጫ ስላልነበረ የቀረውን በእንግሊዝኛ ያዳመጥሁት እኔ እየተንሾካሾክሁ ነገርኋት።

የአማርኛ አስተርጓሚያችን በሙያዋ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ጥቂት ተኝታ እንደምትመጣ ከዓይኗ ያስታውቃል። ትርጉሟ ግን የተኛ አልነበረም። ፓስተሩ ቀልድ ሲናገሩ ቀልዱን ትታ «አሁን የቀለዱት ነገር በአማርኛ አያስቅም፤ ዝም ብላችሁ ሳቁላቸው» ያለችበትን ምሽት አልረሳውም። በሳቁ አዳራሹን የመራነው እኛ ነበርን።

የትምህርቱ ዋና ጥንካሬ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ፓስተሩ የማቴዎስ ወንጌልን ከፍተው «ንስሓ ግቡ» የሚለው ቃል በእያንዳንዳችን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን እንደሚል ተራ በተራ ጠየቁን። የኬረላዎቹ ማናሳንታራም አሉ፤ የአእምሮ ወይም የልብ መለወጥ ማለት ነው፣ ይህም ሜታኖያ ለሚለው የግሪኩ ቃል እጅግ የቀረበ ነው። ፊሊፒናውያኑ ፓግሲሲሲ አሉ፤ እሱ ደግሞ በጸጸት ላይ ያረፈ ቃል ነው። ኬንያውያኑ ቱቡኒ ሲሉ በዚህ አገር የኖርን ሁሉ ወዲያው ዐወቅነው፤ ሥሩ ዐረብኛው ተውባ ነውና፣ ትርጉሙም መመለስ ነው። ተራው የእኛ ሲሆን አንድ ወንድም «እኛ ንስሓን እንገባበታለን» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው፤ በአማርኛ ሰው ቤት እንደሚገባ ንስሓ ይገባል። በኦርቶዶክስ ቤት ላደግን ደግሞ ይህ ቤት በር ጠባቂ አለው፤ የንስሓ አባት አለ፣ ቀኖና አለ፣ የሚጾም ጾምና የሚሰገድ ስግደት አለ። ፓስተሩ ይህን በንቀት አላለፉትም፤ በ1517 እ.ኤ.አ. የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው የአማኝ ሕይወት በሙሉ ንስሓ እንዲሆን የሚጠይቅ መሆኑን አስታውሰው፣ ካህን ፊት አለመቅረባችን ሥራውን እንዳላቀለለልን ተናገሩ። ወንጌላውያን መድረክ ላይ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተያዘ ንጽጽር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ እምነት የተሰጠው ሦስተኛው ምሽት ግን ሳስቷል። ጥራዙ የታወቁ ጥቅሶችን ደርድሮ ባዶ ቦታ ሙሉ ይላል፤ ሥራው ከትምህርት ቤት ፈተና ብዙም አይለይም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት የሚያስወራ ነገር ነበረበት፤ «አመነ» የሚለው ግሳችን ሁለት ሥራ ይሠራልና። ሰው በእግዚአብሔር ያምናል፣ ጥፋቱንም ያምናል፤ ፖሊስ ጣቢያ «አምኗል» ሲባል ሃይማኖት የያዘ የሚመስለው የለም። እምነትንና ንስሓን በአንድ ግስ የሚይዝ ቋንቋ እየተናገርን ጥራዙ ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ሲለያያቸው ማየት ያስቆጫል።

ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። በአራተኛው ሳምንት የተነበበው ከሉቃስ ወንጌል የዘኬዎስ ታሪክ ነው። ፓስተሩ በእንግሊዝኛ ነገሮችን ስለማስተካከል በጥቅሉ ተናገሩ፤ አስተርጓሚያችን ግን ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «የወሰዳችሁትን መልሱ ነው የሚሉት» አለችን። መመለስና መመለስ! ራሱ የተመለሰ ሰው በእጁ ያለውን የሰው ገንዘብም ይመልሳል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ አድርጎ እንደመለሰው ማለት ነው። በአማርኛው ጥግ የነበርን ሁሉ አንገታችንን ቀና አደረግን፤ በሌሎቹ ቋንቋዎች ጥግ ግን የተለየ እንቅስቃሴ አላየሁም።

ከዚያ ዐረፍተ ነገር በኋላ እንደተለመደው ስምንት ስምንት ሆነን ከየአገሩ ተቀላቅለን በየጠረጴዛው ተቀመጥን። በእኛ ጠረጴዛ የነበረ አንድ ሰው፣ የቤት ሠራተኛ የሚያሠራ የቤተሰብ አባወራ፣ የሠራተኛዋን ፓስፖርት ለሁለት ዓመት በመሳቢያ ቆልፎ እንዳስቀመጠና ይህም ኅሊናውን እንደሚከብደው እያለቀሰ ተናዘዘ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ በዚህ አገር ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነውና በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ይህን መናገር ቀላል አይደለም። የጠረጴዛው መሪ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ ጸለየለት፤ ጌታ ይቅር እንዳለው አረጋገጠለት፤ ቀጥሎም ወደ ሚቀጥለው ሰው ዞረ። በዚህ ጊዜ ማዳመጫዬን የምትጋራው እህት በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ፓስፖርቱስ?» ብላ ጠየቀች። መሪው በትሕትና፣ ነገር ግን ፊቱ እየቀላ፣ ይህ በግል የሚታይ ጉዳይ ነው ብሎ ዘጋው። ሻይ ቀረበ። ሰውየው በአምስተኛው ሳምንት አልመጣም፤ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን አግኝታ እንደሆነም የጠየቀ የለም።

በኋላ ፓስተሩን አነጋግሬያቸው ነበር። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ የጠረጴዛ መሪዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ብቻ እንደሚወስዱና በሥልጠናውም ስለ መካስ የተጻፈ ነገር እንደሌለ ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። አሠሪና ሠራተኛ አንድ ረድፍ ላይ በሚቀመጡበት ጉባኤ ውስጥ ይህ የሥልጠና ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። ለተበዳይ መናገሪያ ያልተዘጋጀበት ንስሓ በዳዩን አጽናንቶ ይሸኛል፤ ይህን ከዚያ ጠረጴዛ የበለጠ ያሳየኝ ቦታ የለም።

የሰዓቱም ጉዳይ አለ። መንግሥት የሳምንቱን ዕረፍት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ቅዳሜና እሑድ ካዛወረው ወዲህ ዋናው አምልኮ ከዓርብ ወደ እሑድ ሄዷል፤ ትምህርቱም እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይጀመራል። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ምቹ ነው። የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ቢደነግግም ብዙዎቹ እህቶቻችን «ኦፍ» የሚወጡት አሠሪያቸው ማዳም ባለችው ቀን ነው፤ የወጡትም ቢሆኑ በጊዜ ቤት መድረስ አለባቸው። ማዳመጫዬን የምትጋራው ጓደኛዬ በስድስቱም ሳምንት መጨረሻውን ጸሎት ሰምታ አታውቅም፤ ከኡድ ሜታ ጣቢያ ሜትሮ ለመያዝ ትሮጥ ነበር።

ያም ሆኖ መመዝገብ ለምትፈልጉ ተመዝገቡ እላለሁ፤ ሁለተኛው ሳምንት ብቻውን ድካሙን ይክሳል፣ አስተርጓሚያችንም በሚቀጥለው ዙር እንደምትቀጥል ነግራኛለች። በቅጹ ላይ የምትሰሙበትን ቋንቋ ብቻ ይጠይቃችኋል፤ የምትናገሩበትንም ከጎኑ ጻፉና የአማርኛ ጠረጴዛ እንዲዘጋጅ ጠይቁ፤ ሦስት ሰው ከጠየቀ ያዘጋጃሉ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ።

በመጨረሻው ምሽት ከአዳራሹ ስንወጣ አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ ማዳመጫዎቹን እየተቀበለ በካርቶን የሰበሰባቸውን መታወቂያዎች አንድ በአንድ ስም እየጠራ ይመልስ ነበር፤ የማንም እንዳይቀር ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አየው።